ሰምና ወርቅ ወይስ ኅብር? ስለ አውራጃዎች መገናኘትና ስለ አገር አንድነት

አንጥረኛ የወርቅ ጌጥ ሊሠራ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ ሰሙን በጌጡ መልክ ይቀርጻል፤ በሰሙም ላይ ጭቃ ይለብጣል፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ስፍራም የቀለጠውን ወርቅ ያፈስበታል። የቅኔ ሊቃውንት ይህን የእጅ ሥራ አይተው፥ ላይኛውን ንግግር ሰም፥ በውስጡ የተሰወረውን ምስጢር ወርቅ ብለው ሰየሙ። ስያሜው ያማረ ስለ ሆነ ከቅኔ ቤት ወጥቶ በአደባባይ ተናጋሪዎችና በጋዜጣ ጸሓፊዎች አፍ ገባ። ስለ ኢትዮጵያ አንድነት ከሚጽፉት ብዙዎቹ፥ ጎጃሜነት፥ ትግሬነት፥ ሸዌነት፥ ኦሮሞነት፥ ጉራጌነት ሰም ነው፤ ወርቁ ኢትዮጵያዊነት ነው ይላሉ።

ነገሩ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ምሳሌ ያመጣ ሰው ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይገባል። በአንጥረኛው ቤት ሰም የሚሠራው ሊቀልጥ ነው፤ ወርቁ ከገባ በኋላ ስለ ሰሙ የሚጠይቅ የለም። እንግዲያስ አውራጃህና ቋንቋህ ሰም ነው የተባለ ሰው፥ «ወርቁ እንዲፈስ አንተ ቅለጥ» የተባለ መሆኑን ቢያስተውል አይፈረድበትም። ይህንኑ አስተውለው የተቈጡ ሰዎች ደግሞ ምሳሌውን ገልብጠው ይዘውታል፤ ወርቁ የየብሔረሰቡ ማንነት ነው፥ አገር የተባለው ግን የላይ ልባስ ነው ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች በአሳብ ቢጣሉም በምሳሌ ተስማምተዋል፤ ከሁለቱ አንዱ መቅለጡ ግድ ነው ብለዋልና።

ቅኔ ግን ሰምና ወርቅ ብቻ አይደለም። ኅብር የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ኅብር «ኀበረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ኀበረ ማለት አንድ ሆነ፥ ተባበረ ማለት ነው፤ ማኅበርም የሚወለደው ከዚያው ነው። በኅብር ቅኔ አንድ ቃል ሁለት ፍች ይዞ ይቆማል፤ አንዱ ፍች ሁለተኛውን አያስወጣውም። የተራበ በደለኛ በጌታው ደጅ ቆሞ «ማር» ብሎ ቢጮኽ፥ ማሩንም ይለምናል፥ ምሕረቱንም ይለምናል። ማሩን ብቻ የሰማ ጌታ ግማሹን ሰማ፤ ምሕረቱን ብቻ የሰማም እንዲሁ። ቃሉ ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ አብረው ሲሰሙ ነው። የአንድ ሰው ጎጃሜነትና ኢትዮጵያዊነት፥ ኦሮሞነትና ኢትዮጵያዊነት ይህን ይመስላል እንጂ የአንጥረኛውን ሰም አይመስልም። ይህም ለማባበል የተፈለሰፈ አሳብ እንዳይመስል፥ ምስክሩ የቅኔ ተማሪው ራሱ የሄደበት መንገድ ነው።

የቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት በአንድ አገር ተከማችቶ አልተገኘም። ድጓን አድርሶ ሊያስመሰክር የወደደ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም መሄድ ነበረበት፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ እዚያው ጋይንት ዙር አባን ደጅ ይጠናል፤ ቅዳሴ የሚፈልግ በትግራይ ደብረ ዓባይን ወይም በወሎ ሰለልኩላን ይመርጣል፤ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ያማረው ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ቅኔ የጠማው የዋድላን፥ የዋሸራን ወይም የጎንጅን ቤት ይጠይቃል፤ ወይም በዲማ፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅ ከመምህራን እግር ሥር ይወድቃል። እንዲህ ከሆነ የተሟላ ሊቅ ለመሆን የፈለገ የሸዋ ልጅ ሸዋ ተቀምጦ አይሆንለትም፤ የትግሬም ልጅ በትግራይ፥ የጎጃምም ልጅ በጎጃም ተቀምጦ አይሞላለትም። እያንዳንዱ አገር ለሌላው የሚሰጠው አለው፤ ከሌላው የሚቀበለውም አለው። የመገናኘታቸው ሥር ይህ ነው። ያገናኛቸው አስቀድሞ የነበረ ፍቅር አይደለም፤ ጕድለት ነው። ሰው እሳት ሊጭር ወደ ጎረቤቱ የሚሄደው የራሱ ምድጃ ሲጠፋበት ነውና።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ፥ ብዙ ጊዜም ከወላጆቹ ተሰውሮ ይወጣል። በደረሰበት መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጅ ይቆማል፤ የቤቱ እመቤትም ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ታወጣለታለች። የቆሎ ተማሪ መባሉ ስለዚህ ነው። በጎጃም ለትግሬው ልጅ ቁራሽ የምትሰጥ እናት፥ የራሷ ልጅ በዚያው ሰዓት በጎንደር ወይም በዋድላ በሰው ደጅ ቆሞ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። የማታውቀውን ልጅ የምትመግበው፥ የማታውቃት ሴት የርሷን ልጅ እንድትመግብላት ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ አንድነት የሰበከ ሰው የለም፤ ነገር ግን ከተከዜ ማዶ ያለው ምድር ለዚህች ሴት የወሬ አገር መሆኑ ቀርቶ የልጅ አገር ሆነላት።

በጉባኤ ቤት የሚያድሩት ተማሪዎችም «ላስቴው»፥ «ሸዌው»፥ «ትግሬው»፥ «ጎጃሜው» እየተባባሉ ይጠራሩ ነበር። መሳሳቅም መዘላለፍም ነበረ፤ አንዱ የሌላውን አነጋገር መቅዳት፥ በአገር ስም መጨቃጨቅ፥ አንዳንድ ጊዜም ዱላ መማዘዝ አልጠፋም። ቅኔ ቤትን የመላእክት ማኅበር አስመስሎ መጻፍ ሐሰት ነው። ዳሩ ግን ሁሉን የሚያስተካክል አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም ግእዝ ነው። ለትግርኛ ተናጋሪ ግእዝ በቃል ቢቀርበውም፥ ግእዝ የማንም የእናት ቋንቋ አልነበረም። በትግርኛ አፉን የፈታውም፥ በአማርኛ የፈታውም፥ በአገውኛ የፈታውም፥ ሁሉም ግሱን መግሰስና አገባቡን መቍጠር ግድ ነበረበት። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና በየኔታ ፊት በቀረበች ጊዜ የሚመዘነው ምስጢሯና ልኳ ነው እንጂ የተቀኛት ልጅ አገር አይደለም። ልጁ አገሩን ሳይረሳ፥ በማንም አገር ሚዛን ሳይመዘን፥ የሁሉም በሆነ በሦስተኛ ሚዛን ይመዘናል።

ከዚህ መገናኘት የተገኘው ፍሬም ሁሉን አንድ መልክ ያስያዘ አልሆነም። የድጓው ዜማ የቤተ ልሔም፥ የቆማ፥ የአጫብር፥ የተጉለት እየተባለ በየስሙ ኖረ። ሕዝብ በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቃቸው የአለቃ ገብረ ሐና ነገር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እኒህ የፎገራ ተወላጅ ሊቅ የጣናን ማዕበል ተመልክተው ለዝማሜ አዲስ እንቅስቃሴ እንደ ደረሱ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ሥርዓት አልተቀበሉትም፤ ልጃቸው አለቃ ተክሌ ግን በደብረ ታቦር አስተማሩት፤ የተክሌ ዝማሜ ተብሎም ወደ ሌላው አገር ተሻገረ። ዛሬ ከደብረ ታቦር እጅግ በራቀ ደብር ጣናን በዓይኑ ያላየ ደብተራ መቋሚያውን ይዞ ከጣና ማዕበል ጋር ይወዛወዛል። የደብረ ታቦርነቱ አልቀለጠም፤ የሁሉ ገንዘብ መሆኑም አልጐደለም። ኅብር ማለት ይህ ነው።

እስከዚህ ያለው የተማሪውን መንገድ የሚያመሰግን ነው። ምስጋናው ከልኩ እንዳያልፍ ግን መንገዱ ያልደረሰበትንም ስፍራ መናገር ይገባል። የቆሎ ተማሪን «ኢትዮጵያን ያስተሳሰረ» እያሉ የሚያወድሱ ጸሓፊዎች የተጓዘበትን ምድር ወሰን አይመለከቱም። ያ ምድር ከሞላ ጐደል የሰሜኑ ደጋ ነው። ሴቶችም ከመንገዱ ውጭ ነበሩ፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የቅኔ መምህርት በጎጃም መነሣታቸው እስከ ዛሬ የሚደነቀው ብርቅ ስለ ነበረ ነው። ወደ ደቡብ፥ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ የሄደው መገናኘት ደበሎ ለብሶ አልሄደም፤ ጠመንጃ ይዞ ሄደ። በጨለንቆ በ1879፥ በወላይታ በ1887፥ በከፋ በ1890 ዓ. ም. የሆነውን ታሪክ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ጕድለቱን ይዞ ደጅ የሚቆም ተማሪ አልነበረም፤ ገባር የተተከለለት ባለ ጠመንጃ ነበረ። ቤተ ክርስቲያንም በብዙ ስፍራ ከርሱ ጋር ደርሳ ከምድሩ ድርሻ ይዛለች። የመሬቱ ሥርዓት በየካቲት 1967 ዓ. ም. በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ የዚህ ነገር ርዝራዥ አልጠፋም። በሰሜን ደጅ የቆመው እንግዳው ነበረ፤ በደቡብ ግን ደጅ የሚጠናው ባለ አገሩ ራሱ ሆነ። ስለዚህ መገናኘት ለአንዱ ወገን የእናት ቁራሽ ትዝታ፥ ለሌላው ወገን የገባርነት ትዝታ ቢተውለት ሊያስደንቅ አይገባም። ሁለቱን ትዝታ በአንድ ቃል አንድነት ብሎ መጥራትና ስለ ሁለተኛው ዝም ማለት፥ የኅብሩን አንድ ፍች ሰርቆ አንዱን ብቻ እንደ መፍታት ነው።

በግድ በተወሰደ ሰው እጅ እንኳ ኅብር ሊሠራ እንደሚችል ግን የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት ያሳያል። ኦነሲሞስ በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጡ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጡ። በኋላም የኦሮምኛን ቃል አጥርታ በምታውቀው፥ እርሷም ከባርነት በወጣችው በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጕመው በ1899 አሳተሙት፤ የታተመውም በግእዝ ፊደል ነው። የሃይማኖት ማኅበራቸው ከወንጌላውያን ወገን ቢሆንም፥ ኦሮምኛም ከ1984 ዓ. ም. ወዲህ በላቲን ፊደል ቢጻፍም፥ ሥራቸው የሚያስተምረው አይለወጥም። ሰውየው ፊደሉን ተቀበሉ፥ ቋንቋቸውን ግን አላቀለጡም። የግእዝ ፊደል የአንድ ወገን ርስት አለመሆኑን ያስመሰከረው ተሸጦ የወጣ የኢሉባቦር ልጅ ነው። አንድነትን ከሚሰብክ ከብዙ ንግግር ይህ መጽሐፍ ይበልጣል።

የወሎ መንገድም ሌላ ምስክር ይሰጣል። የቅኔ ተማሪው ወደ ዋድላ ሲያልፍ፥ በዚያው በወሎ ምድር ደረሳ የሚባለው የእስልምና ተማሪ ኪታቡን ይዞ ከአንዱ ሼኽ ወደ ሌላው ይጓዝ ነበር፤ ጃማ ንጉሥና ዳና በዚህ ትምህርት የታወቁ ስፍራዎች ናቸው። ደረሳውም ከሩቅ አገር ይመጣል፥ ሕዝቡ በሚሰጠው ይኖራል፥ የእናቱ ቋንቋ ባልሆነ በዐረብኛ ይማራል። መንዙማውን ግን በአማርኛም ገጠመው፥ በዐረብ ፊደልም ጻፈው። ሁለቱ ተማሪዎች በአንድ አገር እየተላለፉ አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። ስለ አማርኛ ግጥም የሚጽፍ ሐያሲ ቅኔን አንሥቶ መንዙማን ቢተው ጎደሎ ሥራ ሠርቷል።

የመጻሕፍትም ታሪክ ከዚህ አይለይም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሆነው የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ. ም. በሮም ሲታተም አማርኛው እጅግ የጠራ ነበረ፤ ታሪኩ የተፈጸመበት አገር ግን ይህ ነው ተብሎ አይታወቅም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ. ም. ሲወጣ ግን ማንኩሳን ማንኩሳ፥ ዲማን ዲማ ብሎ እየጠራ ነው። በዛብህ የጎጃም ቅኔ ተማሪ ነው፤ ደራሲውም በጎጃም ቅኔ ቤቶች ያለፉ ናቸው። ሰምና ወርቅ የሚሉት ሰዎች አሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ፥ ይህ መጽሐፍ የአንድ አውራጃ መጽሐፍ ሆኖ በቀረ፥ አገር የሌለው የአፈ ወርቅ ታሪክም የሁሉ በሆነ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ በተረከው ጊዜ፥ ጎጃምን በእግሩ ያልረገጠ አድማጭ ፊታውራሪ መሸሻን ከራሱ አገር ባላባት ጋር አስተያያቸው፤ የጎጃሙም አነጋገር ሳይፋቅ የሁሉ ጆሮ ገንዘብ ሆነ። አንድ መጽሐፍ የአገር መጽሐፍ የሚሆነው ከአውራጃው በመሸሽ አይደለም፤ ወደ አውራጃው ጠልቆ በመግባት ነው።

ከጎጃም ወደ አምቦ ቢመለከቱም ያው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ አጠገብ በቦዳ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወለዱ፤ በልጅነታቸውም ግእዝና ቅኔ ተምረዋል። «እሳት ወይ አበባ» በ1966 ዓ. ም. ሲታተም የአማርኛ ግጥም ቀድሞ ያልለመደውን ረዥም ስንኝ ይዞ መጣ። የግጥም መምህራን ይህን ምጣኔ «የጸጋዬ ቤት» ብለው ሰየሙት። ስያሜው በደንብ ሊታሰብበት ይገባል፤ ሊቃውንት ዋድላንና ጎንጅን በጠሩበት በዚያው «ቤት» በሚለው ቃል የአምቦው ልጅ ተጠራ። በአሮጌው ቤት አጠገብ አዲስ ቤት ተሠራ፤ የፈረሰ ቤት ግን የለም።

እንግዲህ ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ፈቀደ፤ በ1987 ዓ. ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ደነገገ። ይህ ለብዙ ሕዝብ ለረዥም ዘመን የተነፈገ ነገር ነውና ሊነቀፍ አይገባውም። ጕድለቱ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ቤቶቹ በየስማቸው ተከበሩ፤ ከቤት ወደ ቤት የሚያስኬድ ትምህርት ግን አልተሠራም። የየክልሉ ልጅ በራሱ የተሟላ እንደ ሆነ ተነገረው፤ ከጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ የሚጭረው እሳት እንዳለ አልተነገረውም። መንግሥት ተማሪዎችን ከየክልሉ ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ መመደቡ መልካም ነበረ፤ ዳሩ ግን በአንድ ግቢ ማሳደር ማገናኘት አይደለም። በ2012 ዓ. ም. መጀመሪያ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ወጣቶች ሞቱ፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ትተው ወደ የቤታቸው ተመለሱ። እነዚያ ልጆች በአንድ አዳራሽ በልተዋል፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ለመማር ግን ግድ የሚለው አልነበረም። የቅኔ ቤትም ዱላ ነበረበት፤ ነገር ግን ዱላውን የሚያስጥል ጕድለትና የጋራ ሚዛን ነበረው።

ከዚህም የከፋው በኋላ መጣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ. ም. በሰሜን ጦርነት በሆነ ጊዜ ትግራይን ከአማራ የሚያገናኘው መንገድ ተዘጋ። ተማሪ ከደብረ ዓባይ ወደ ጎንደር፥ ከጎጃም ወደ ትግራይ በእግሩ የሚሻገርበት ምድር የጦር ምድር ሆነ። ግእዝን በአንድ ጉባኤ የተማሩ ሰዎች ልጆች በጦር ሜዳ ተያዩ። ተማሪው የሠራው ኅብር ይህን ለማስቀረት አልበቃም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን ኅብሩ ከንቱ ነበረ ማለት አይደለም። እግር የተወው መንገድ ዳዋ እንደሚውጠው፥ መገናኘትም በየትውልዱ ካልታደሰ የአባቶች መገናኘት ለልጆች ስንቅ አይሆንም ማለት ነው።

ስለዚህ ስለ አገር አንድነት የሚጽፍና የሚያስተምር ሰው ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባዋል። አንደኛው፥ የራሱ አገር የጐደለው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነው፤ ጕድለቱን የማያውቅ ሰው ደጅ አይቆምምና። ሁለተኛው፥ ከቤቱ ወጥቶ የጎረቤቱን ቋንቋ መማር ነው፤ ኦሮሞው ልጅ አማርኛ ሲማር ኖሯል፥ አማራው ልጅ ግን ኦሮምኛ ለመማር ደጅ የቆመበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሚኬድ መንገድ የተማሪ መንገድ አይደለም፤ የገባር መንገድ ነው። ሦስተኛው፥ ለሌላው ወገን «ቅለጥ» የሚለውን ምሳሌ መተው ነው።

ሰምና ወርቅ ለቅኔ ያማረ መንገድ ነውና በቅኔ ቤት ይኑር። ሕዝብ ግን ሰም አይደለም። አባቶች ለአንዱ ቃል ሁለት ፍች ሰጥተው ሁለቱንም አብረው መስማት ያስተማሩት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። በጎጃም ደጅ የቆመው የትግሬ ልጅ ቁራሹን የተቀበለው ትግሬነቱን ትቶ አይደለም፤ የሰጠችውም እናት የሰጠችው ጎጃሜ እንዲሆንላት አይደለም። አኩፋዳው የሞላው በዚህ ነበረ።